ያስተማረ ሰው ሲያልፍ
ስለ ፊደል አስተማሪዎቻችንና ስለ መታሰቢያ ወቅፍ የቀረበ ታሪካዊ ጽሑፍ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ሰውን በብዕር ላስተማረው ጌታ የተገባ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በሐይቅና በአምባሰል ሰው ሲሞት የምናደርገው ነገር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ቅሬው ይጠራል፤ ጀናዛው ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። ጎረቤቱ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ለተዕዚያ ይሰበሰባል። ቤተሰቡም እንደ አቅሙ ሰደቃ ያወጣል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ሥርዓት ነው። ሆኖም ሟቹ ያለ አንዳች ደመወዝ ለብዙ ዓመታት ማታ ማታ ሰው ሰብስቦ ፊደል ሲያስቆጥር የኖረ በጎ ፈቃደኛ የሆነ እንደሆነ፣ ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ያን የትምህርት ክፍል ከነገ ጀምሮ የሚከፍተው ማን ነው?

እንዲህ ያሉ ሰዎች በየቅሬያችን ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ሲሞቱ እናለቅሳለን፣ ዱዓ እናደርጋለን። ያስተማሯቸው ሰዎች ግን ደብተራቸውን ወደ ሣጥን ይመልሳሉ። ሥራቸው ከእነርሱ ጋር አብሮ ይቀበራል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ይህ መሆን እንደሌለበት ከራሳችን ታሪክ ማሳየት፣ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚገባው መታሰቢያም ትምህርቱን የሚያስቀጥል ወቅፍ መሆኑን ለጀማዓው ማመልከት ነው።

ዒልም በወሎ ምድር እንዴት ኖረ?

ወሎ በአገራችን የእስልምና ታሪክ የዒልም አገር ተብሎ የሚታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀማ ንጉሥ የሸኽ ሙሐመድ ሻፊዕ፣ ከዚያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጌታ የሐጂ ቡሽራ፣ በየጁ ደግሞ የዳና ዑለማዎች የቂራት ማዕከሎች ከሩቅ አገር ሳይቀር ደረሳ ይስቡ ነበር። ደረሳው ፊቅሁን ከአንዱ ሸኽ፣ ነሕውን ከሌላው ለመቅራት ከአገር አገር በእግሩ ይዞራል። በእንጨት ለውሕ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ ያጠናውን አጥቦ ሌላ ይጽፋል። ኪታቡንም በመቃ ብዕር በእጁ ገልብጦ የራሱ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው መንግሥት አልነበረም። ደረሳው የሸኹን ማሳ ያርማል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ከሌማቱ ከፍሎ ያበላዋል። የመንደሩ እናት ለማታውቀው ልጅ የሰጠችው እንጀራ ነው በመጨረሻ ዓሊም ሆኖ የወጣው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እንሻለን፤ በወሎ ዒልም ለዘመናት የቆመው በጎረቤት እጅ ነው።

ይህን ታሪክ መዝግበው ካቆዩልን ሰዎች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር የነበሩት ሁሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ እርሳቸውም በ2001 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ዛሬ ስለ ቀደሙት ሸኾቻችን ስንናገር ዘመንና ስም መጥራት ከቻልንባቸው ምክንያቶች አንዱ የእርሳቸው ድካም ነው።

የጎረቤቶቻችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በሐይቃችን ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኢየሱስ ሞዓ ዘመን ታላቅ የክርስቲያኖች መማሪያ ነበር። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት በእጅ የተጻፈ የወንጌል መጽሐፍ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላም ስማቸውን እንዳስጠራ አለ። ለሚያነብ ሰው የተሰጠ ነገር የሰጪውን ስም ከሐውልት ይልቅ አርቆ እንደሚያደርስ ከዚህ ከቅርባችን መረዳት ይቻላል።

ወቅፍ ምንድን ነው? ከእኛስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ሲሞት ሥራው ሁሉ እንደሚቋረጥ፣ ሦስት ነገሮች ግን እንደማይቋረጡ አስተምረዋል። እነዚህም ሰደቀቱን ጃሪያ ማለትም የማይደርቅ ምጽዋት፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ ናቸው። ይህ ሐዲስ በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ሲሆን፣ በተዕዚያችን ሁሉ ስንሰማው የኖርነው ነው። ፊደል ያስተማረ ሰው ከሦስቱ አንዱን በእጁ ይዞ ሄዷል። ትምህርቱ እንዲቀጥል ወቅፍ ብናቆምለት ደግሞ ሌላው ይታከልለታል።

የወቅፍም መሠረት በሐዲስ የታወቀ ነው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከሩ። ዋናው እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ሆኖ ፍሬው ለምጽዋት እንዲውል ተመከሩ። የወቅፍ ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፤ ዋናው አይነካም፣ ፍሬው ይበላል። ሰደቃ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ወቅፍ ግን በየዓመቱ ያፈራል።

ይህ ሥርዓት ለእኛ አገር ተማሪዎች ባሕር ማዶ ሳይቀር ደርሶላቸው ነበር። በካይሮ በአል-አዝሃር መስጊድ ከአፍሪቃ ቀንድ የሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት «ሪዋቀል ጀበርት» የሚባል ክፍል ነበረ። የአል-አዝሃር ሪዋቆች ለነዋሪዎቻቸው የዕለት ዳቦ የሚያገኙት ሰዎች ካቆሙላቸው ወቅፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖረው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ዘሩ ከዚህ ከእኛ ወገን የሚመዘዝ ሲሆን፣ የዚያ ሪዋቅ ኃላፊነትም በቤተሰቡ ሲወራረድ እንደኖረ ራሱ ጽፏል። ያን ዳቦ ያቆሙ ሰዎች የሚበላውን ተማሪ በዓይናቸው አላዩትም፤ ተማሪው ግን እነርሱ ካለፉ በኋላም ተምሯል።

ፊደልና እኛ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ዒልም ሲባል የቁርኣንና የኪታብ ነው፤ የሀሁ ትምህርት ከመስጊድ ጋር ምን አገናኘው? የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው ከታሪክ የመጣ ስለሆነ መልሱም ከታሪክ ሊመጣ ይገባል።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። እምቢ ያሉት ተሰደዱ፣ ተዋጉ፣ ሞቱ። ከእነዚህ አንዱ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። ሸኽ ጦልሓ ግን በትግላቸው ብቻ የሚታወሱ አይደሉም። ዐረብኛ ለማያውቀው ሕዝብ ተውሒዱን በራሱ ቋንቋ ለማድረስ አማርኛን በዐረብ ፊደል ጽፈዋል። ይህም ዐጀም የምንለው ነው። ታላቁ ዓሊም ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ማንበቡን ከዲን ጉዳይ የቆጠሩት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ቤት በየከተማው ሲከፈት ብዙ አባቶች ልጆቻቸውን ለመላክ ያመነቱ ነበር። የተገደዱበትን ዘመን ያልረሳ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። የዚህ ውጤት ግን ሳይታሰብ ከባድ ሆነ። ቁርኣንን ኸትሞ የጨረሰ ሰው የግብር ደረሰኝ ማንበብ የሚሳነው፣ በፍርድ ቤት ለቀረበበት ወረቀት በአውራ ጣቱ የሚፈርም ሆነ። በመንግሥት መዝገብም «መሃይም» ተብሎ ተጻፈ።

ነገሩን የለወጠው በ1961 ዓ.ም. የሆነው ነው። በሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተዘጋጀው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በዚያ ዓመት ታተመ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የአማርኛ ፊደል ለአማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም የቁርኣንን መልእክት ከሚረዳባቸው በሮች አንዱ ሆነ። በልጅነቱ ቁርኣንን በድምፁ የቀራ ሰው ትርጉሙን ቤቱ ቁጭ ብሎ ለማየት ፊደል ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሀሁ ከመስጊድ ጋር ምን አገናኘው ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ሁለተኛውን መልስ ከሲራ እናገኘዋለን። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ ያልነበራቸው፣ ግን መጻፍ የሚያውቁ ምርኮኞች የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት በማስተማር ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። አስተማሪዎቹ ሙሽሪኮች ነበሩ፤ የሚያስተምሩትም ጽሕፈትን እንጂ ዲንን አልነበረም። ስለ ሴቶችም ቢሆን፣ ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ የምትባል ሶሓቢይ የምእመናን እናት ሐፍሷን ጽሕፈት እንዳስተማረቻትና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሳይነቅፉ እንደጠቀሱት በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ሴት አስተምራ፣ ሴት ተምራ መጻፍ በዲናችን አዲስ ነገር አይደለም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመን

በአገራችን ታሪክ የፊደል አስተማሪ በየመንደሩ የታየበት ትልቁ ጊዜ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትምህርቱ በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተሰጥቷል። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለውን መፈክር ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሰዋል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው አስተማሪ ሆኖ ወጣ። በገበሬ ማኅበር አዳራሽ፣ በዛፍ ጥላ፣ በፋኖስና በኩራዝ ብርሃን አያትና የልጅ ልጅ ባንድ አግዳሚ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘ።

ስለዚያ ዘመን እውነቱን ከነጉድለቱ መናገር ያስፈልጋል። ትምህርቱ በትእዛዝም የሚመራ ነበር፤ የቀረ ሰው ይጠየቅ ነበር። ከትምህርቱ ጋር የፖለቲካው ስብከት አብሮ ይመጣ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅና ረሃብ ወሎን መታ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፈራ ተወሰደ። ክፍሉም ተማሪውም ተበተነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ዘመቻው አብሮ አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በዘመቻው ፊደል የለዩ ብዙ እናቶችና አባቶች መልሰው ረሱት። ሰነፎች ስለሆኑ አልረሱትም። የብዙዎቹ ቤት የሚነበብ መጽሐፍ አልነበረበትም። ማረሻ ሥራ ሲያጣ እንደሚዝግ ፊደልም ካልተነበበበት ይዝጋል። ዘመቻ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ያንቀሳቅሳል፤ ያንቀሳቀሰው ኃይል ሲቆም ግን ይቆማል። የቀደሙት ቂራት ቤቶች ነገሥታት ሲለዋወጡ የቆዩት ከጎረቤት ሌማት ጋር ስለተሳሰሩ ነበር። በዘመቻው ያልነበረው፣ በቂራት ቤቱ የነበረው ነገር ይህ ነው።

ይህም ሆኖ የዚያ ዘመን አንድ ውርስ አልጠፋም። ዘመቻው ካበቃ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ጎረቤታቸውን ማስተማር የቀጠሉ ሰዎች በየአካባቢው ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የምናስባቸው እነርሱን ነው።

ዛሬ የቆምንበት

በመላው አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ማንበብ የሚችሉት በ1997 ዓ.ም. ከመቶ ሴቶች 29፣ ከመቶ ወንዶች 59 እንደነበሩ ያሳያል። በ2008 ዓ.ም. ሴቶቹ 42፣ ወንዶቹ 69 ደረሱ። ለውጥ አለ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ጥናት እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። ከ49 ዓመት በላይ የሆኑት እናቶቻችን ደግሞ በዚህ ቁጥር ውስጥ አልተካተቱም።

ይህ በቤታችን ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የሚስትም ስም ከባሏ ጋር እንዲጻፍ ተደርጓል። ይህ ለእናቶች ትልቅ መብት ነው። ደብተሩን ማንበብ የማትችል ሴት ግን ባሏ የሞተ ዕለት መብቷን ከሌላ ሰው አፍ ትሰማለች። የነገራት ሰው ታማኝ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነስ? የሐኪም መድኃኒት ወረቀት፣ ከዐረብ አገር ልጅ የላከችው መልእክት፣ የባንክ ደብተር ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ፊደል ያስተማረ ሰው ለአንዲት ባልቴት የሰጣት ትልቁ ነገር ምስጢሯን ለማንም ሳታሳይ ራሷ እንድታነብ ማድረጉ ነው።

መንግሥት የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚባል ፕሮግራም አለው። የእኛ ሥራ እርሱን መተካት አይደለም። እርሱ ያልደረሰበትን መሙላት፣ ተምሮ የጨረሰውም እንዳይረሳ ማድረግ ነው።

ወቅፉ እንዴት ይቁም?

ቀድሞ ወቅፍ ሲባል መሬትና ቤት ይታሰብ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ትርፍ የከተማ ቤት ሁሉ በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ግን መሬትን እንደ ዱሮው ገዝቶ ወቅፍ ማድረግ አልተቻለም። ዛሬም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ቢሆንም በር አልተዘጋም። ባሕር ዛፍ፣ የሚረቡ በጎች፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የፀሐይ መብራት፣ መጻሕፍት፣ ከወፍጮ ቤት ድርሻ፣ ጥሬ ገንዘብም ቢሆን በዑለማዎች ምክር ለዚህ ሊውሉ ይችላሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ስለጀመሩ ገንዘቡን በሙዷረባ አስቀምጦ ከሐላል ትርፉ መጠቀም ይቻላል።

ከታሪካችን የምንወስዳቸው ጥቂት ደንቦች ይኖራሉ።

አንደኛ፣ ዋናው ገንዘብ አይነካ። ዓመቱ ቢከፋም የሚበላው ፍሬው ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የሚወጣበት ነገር ይወሰን። ጠመኔና ሰሌዳ፣ ደብተርና እርሳስ፣ የማታ መብራት፣ ለሚያስተምረው ሰው ቢያንስ የመንገዱ ወጪ። ፊደል የለዩት የሚያነቡት እንዲያገኙም በመስጊዱ አንድ ሣጥን መጽሐፍ ይቀመጥ። 

ሦስተኛ፣ የሴቶች ክፍል በሴት አስተማሪና ለእናቶች በሚመች ሰዓት ይሁን። የሺፋእን ሱና መከተል ማለት ይህ ነው።

አራተኛ፣ ቤተሰቡ አይገደድ። ከሟች ንብረት ቀድሞ ዕዳ ይከፈላል፤ ኑዛዜ ከሲሶ አይበልጥም፤ የየቲም ድርሻም አይነካም። ወቅፉን ጀማዓው ያቁመው፤ ቤተሰቡ ከወደደ ይጨምርበት። ለተዕዚያ ከሚወጣው ሰደቃ እኩሌታው እንኳ ወደዚህ ቢዞር ሟች የሚጎዳ አይመስለንም።

አምስተኛ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ በጀማዓው ፊት ይነበብ። የሚያነብበውም በዚያ ዓመት ማንበብ ከተማሩት አንዱ ወይም አንዷ ቢሆን እንወዳለን።

ስሙን በተመለከተ፣ ወቅፉ በሟቹ ስም ቢጠራ ነውር የለበትም። በደሴ የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤትና የመምህር አካለ ወልድ ትምህርት ቤት በሰው ስም በመጠራታቸው ያን ሰው ያላየ ትውልድ ስሙን ያነሣል። ነገር ግን ስም መለጠፍ ብቻውን መታሰቢያ አይሆንም። ሠሌዳው ላይ ስሙ ተጽፎ በሩ ከተዘጋ ሟቹን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርነው ማለት ነው። በጎ ፈቃደኛው በሕይወቱ ሳለ ስሙን አላስጠራም፤ በሩን ግን በየምሽቱ ይከፍት ነበር።

ስለዚህ የኮሚቴያችን ጥሪ አጭር ነው። በየቅሬያችሁ ፊደል ያስተማሯችሁን ሙታን አስቡ። ያስተማሯችሁ ካላችሁም አንድ አንድ ሰው አስተምሩ። ያልተማራችሁም አታፍሩ፤ ቁርኣን መጀመሪያ ሲወርድ የታዘዘው ንባብ ነበር። የምትችሉ ከበጋችሁ፣ ከዛፋችሁ፣ ከገንዘባችሁ ለወቅፉ አውጡ።

አላህ ያለ ደመወዝ ያስተማሩንን ሁሉ ይዘንላቸው። ቀብራቸውን በኑር ይሙላላቸው። ያስተማሩትን እያንዳንዱን ፊደል በመልካም ሥራቸው ሚዛን ላይ ያኑርላቸው። የከፈቱትንም በር የምንዘጋ አያድርገን። አሚን።